ጋቢና ውስጥ ያለፈው ሰዓት የማን ነው?

ድሬዳዋ ላይ የጥገና ሥራ የያዘ ሰው ሥራው ድሬዳዋ ላይ ብቻ አያልቅም። ዛሬ ሐረር፣ ነገ ጅግጅጋ፣ ሲብስ ደወሌ ድረስ ይላካል። ጄኔሬተር ጠጋኙም፣ ኔትወርክ ዘርጊውም ኑሯቸው ይኸው ነው።

እንበል አንድ ቴክኒሽያን ጅግጅጋ ተላከ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቱ ይነሳል። የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ሐረማያን፣ ሐረርንና ባቢሌን አልፎ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሥራ ይጀምራል። ለምሳ አንድ ሰዓት ያርፍና 10 ሰዓት ላይ ይጨርሳል። ድሬ ሲገባ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ከቤቱ ከወጣ 14 ሰዓት ሆኖታል። መንገዱ አይቆጠርምና መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን 6 ሰዓት ብቻ ነው። «ሁለት ሰዓት ይቀርሃል» የሚል አለቃም አይጠፋም።

ትርፍ ሰዓት ሲጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «አበል ወስደሃል አይደል?»

አበል ሌላ፣ ደመወዝ ሌላ። አበል የምሳና የአልጋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ አበልንና የመጓጓዣ ክፍያን ከደመወዝ ውጭ ነው ያደረጋቸው። ታዲያ ደመወዝ ያልሆነ ነገር የሰዓት ዋጋ ተደርጎ እንዴት ይታሰባል?

አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። የሚቆጥረውም የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጭምር ነው። መንገዱን ግን በስም አይጠራም። ጭቅጭቁም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይኸው ሕግ ስለ አደጋ ሲናገር ነው። ሠራተኛው የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም ቢጎዳ፣ ከሥራ ቦታውና ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ቢሆን እንኳ የሥራ ላይ አደጋ ነው ይላል። እንግዲህ ደንገጎ ላይ መኪናው ቢገለበጥ ሰውየው ሥራ ላይ ነበር። በሰላም ከገባ ግን ሥራ ላይ አልነበረም! ሾፌሩስ? እጁ መሪ ላይ ስለሆነ እየሠራ ነው ይባላል። ጎኑ የተቀመጠውን የላከው ግን ያው አለቃ ነው።

አውሮፓ ላይ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ታይኮ የተባለው የጥበቃ መሣሪያዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስፔን ውስጥ ያሉትን የክልል ቢሮዎቹን ዘጋ፤ ቴክኒሽያኖቹም ከቤታቸው በቀጥታ ወደ ደንበኛ መሄድ ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2015 ከቤት ወደ መጀመሪያው ደንበኛ፣ ከመጨረሻውም ወደ ቤት ያለው ጉዞ የሥራ ሰዓት ነው ሲል ወሰነ። ስንት ይከፈል የሚለውን ግን ለየአገሩ ሕግ ተወው።

እዚያው ድሬ ውስጥ ከሳቢያን ተነስቶ ከዚራ ሰፈር ያለ ቢሮ በባጃጅ መግባት ሌላ ነገር ነው። እሱ የራስ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ኑር ያለህ የለም።

አሠሪዎችም የሚሉት አላቸው። «አቦ፣ አወዳይ ወርዶ ጫት ሲመርጥ ያረፈደውንም ልክፈል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ለየመስመሩ ሰዓት መቁረጥ ይቻላል፤ ድሬ ሐረር ይህን ያህል፣ ድሬ ጅግጅጋ ይህን ያህል ተብሎ። አወዳይ የሚቆም በራሱ ሰዓት ይቆማል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መንገዱ ከተቆጠረ የዚያ ቴክኒሽያን ቀን፣ ምሳው ተቀንሶ፣ 13 ሰዓት ነው። ትርፉ 5 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አዋጁ ደግሞ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4 አያሳልፍም። ስለዚህ ደርሶ መልስ ማድረጉ ይቀርና ሰውየው ጅግጅጋ ያድራል። ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው በጨለማ ደንገጎን አይወርድም።

ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሊጻፍ ይችላል። ማኅበር ያላችሁ በሚቀጥለው ድርድር አንሱት። ማኅበር የሌላችሁ ደግሞ ቢያንስ የተነሳችሁበትና የተመለሳችሁበት ሰዓት የመስክ ፎርሙ ላይ ይሞላ በሉ፤ አለቃም ይፈርምበት።