“ተኛ፣ አትነሣ” ያልነው እኛ ነን

አባቴ የሐሞት ጠጠር እንዳለበት ታውቆ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ የተሰጠው ከአምስት ወር በኋላ ነበር። ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ስንወጣ ታክሲ ልያዝ ስለው “እግሬ ምን ሆነና?” ብሎ ዳገቱን እስከ ቤታችን በእግሩ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜው 68 ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ቤተሰቡ ተረባርበን ሕመምተኛ አደረግነው። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን “ብርድ ይመታሃል” ብለን አስቀረንበት። የውሃ ጄሪካኑን ከእጁ ነጠቅነው። ለቅሶ ቤት እኔ ሄድኩለት፣ ዕድር ወንድሜ። ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣ ከሶፋው ብድግ ሊል ከቃጣ አራት ሰው በአንድ ድምፅ “በእግዜር፣ አትነሣ!” ይለዋል። ፍቅር ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። አምስት ወሩ ሞልቶ ልናስተኛው ስንወስደው ግን ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ቀጠሮ በያዘበት ቀን ያንኑ ደረጃ ከእኔ ጋር እያወራ ነበር የወጣው።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ መሬት ስማ አመሰገነች። ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቁስሉን ፈርቶ አይስልም፣ አየር በደንብ አይስብም። ነርሷ ልታስነሣው ስትመጣ እናቴ እጇን ይዛ “የኔ ልጅ፣ ስፌቱ ቢፈታስ?” እያለች ትለምናታለች። ነርሷን የሚጠብቃት ሌላ ብዙ አልጋ ነው፤ ትታው ትሄዳለች። አክታው ሳንባው ውስጥ ቀረ፣ ትኩሳት ያዘው፣ የሳንባ ምች ሆነ። በአምስት ቀን ይወጣል የተባለው ሰው 21 ቀን ተኛ። ዛሬ ደህና ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ልከስስ አይደለም፤ የኛን ስሕተት ሕመምተኛ ልጠይቅ በገባሁበት ዋርድ ሁሉ ስለማየው ነው።

ኦፕራሲዮን ሲባል የምንፈራው ቢላዋውንና ማደንዘዣውን ነው። “ሳይነቃ ቢቀርስ?” እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ትልቁ አደጋ ሌላ ቦታ እንዳለ ያሳያል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 የአፍሪካ አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ11,000 በላይ ሰዎች ተከታትሏል። የአህጉራችን ታካሚዎች ከሌላው ዓለም ይልቅ ወጣቶች፣ ተጓዳኝ ሕመማቸውም ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ የሚሞቱት በዓለም አማካይ ሁለት እጥፍ ነው። ከሞቱት 239 ሰዎች ደግሞ 225ቱ ያረፉት ኦፕራሲዮን ከሆኑበት ቀን በኋላ ነው። ከቀዶ ክፍሉ በሕይወት ወጥተው፣ ዋርድ ገብተው፣ አስታማሚ አጠገባቸው ተቀምጦ ማለት ነው። ይህን ሳነብ የነርሷን እጅ የያዘው የእናቴ እጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሁሉንም ሞት መተኛት አመጣው አልልም። የነርስ ማነስ አለ፣ የሕመምተኛው መባባስ ዘግይቶ መታወቁ አለ። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ በጀት ሳንጠብቅ ዛሬውኑ ልናቃልለው የምንችለው መተኛቱን ነው።

መተኛት ሰውን ምን ያህል እንደሚያደክም በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ነው። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በከባድ ሥራ ጊዜ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈልገው ሲመረምሯቸው፣ 30 ዓመት እርጅና የቀነሰባቸው አቅም ያኔ ሦስት ሳምንት አልጋ ከቀነሰባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ እንግዲህ ምንም ያልታመሙ ጎረምሶች ናቸው። የ68 ዓመት ሰው አምስት ወር ሶፋ ላይ ስናውል ምን እየወሰድንበት እንደነበር አስቡት።

መፍትሔው ውድ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ብዕር ባላነሣሁ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሦስት ሆስፒታሎች፣ የላይኛው ሆድ ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 441 ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት አለ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የታተመው። ለሁሉም አንድ አጭር ጽሑፍ ተሰጣቸው። ግማሾቹ ግን በዚያ ላይ ከፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ ከሚያክም ባለሙያ) ጋር ለግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሳንባ ለምን እንደሚታመም ተነገራቸው፤ ከማደንዘዣው ከነቁበት ጊዜ ጀምሮ በየሰዓቱ በጥልቀት መተንፈስና መሳል እንዳለባቸው ተረድተው እዚያው ተለማመዱት። ጽሑፉ ብቻ ከደረሳቸው ከመቶው 27ቱ የሳንባ ችግር ሲገጥማቸው፣ ግማሽ ሰዓቷን ካገኙት ግን 12ቱ ብቻ ናቸው። አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት። የተገዛ መሣሪያ የለ፣ የታዘዘ መድኃኒት የለ።

ታዲያ እኛ ዘንድ ቀጠሮ ሲሰጥ ካርዱ ላይ ቀን ተጽፎ “በሉ፣ ያኔ ኑ” ይባላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የማንም አይደሉም። እኔ የምለው እነዚያ ወራት የሕክምናው አካል ይሁኑ ነው። ቀጠሮ የሚሰጠው ባለሙያ ለሕመምተኛው ከቀኑ ጋር ሥራም ይስጠው። በየቀኑ የምትችለውን ያህል ሂድ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ጨምርበት። እጅህን ሳትደገፍ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ተለማመድ። ሲጋራ ካጨስህ ዛሬ ተው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ ከኦፕራሲዮን አራት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ሲጋራ ያቆመ ሰው ጣጣው እንደሚቀንስ ተናግሯል። ልቡ የደከመና በተቀመጠበት የሚያለከልክ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር፤ የቀረው አብዛኛው ሕመምተኛ ግን መራመድ ይችላል፣ መራመድም አለበት።

“ነርስና ፊዚዮቴራፒስት የት አለና?” የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ፊዚዮቴራፒስቶቻችን ጥቂት ናቸው፤ ያሉትንም የምንፈልጋቸው አጥንት ሲሰበር ወይም ስትሮክ ሲመታ ነው። ግን እያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ቀንም ሌሊትም የሚቀመጥ አንድ ሰው አለን። ምግብ የሚያመጣው አስታማሚው ነው፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚሯሯጠው እሱ ነው፣ የሚያገላብጠው እሱ ነው። ሕመምተኛውን “አትነሣ” የሚለውም እሱ ነው። ያ ግማሽ ሰዓት ሲሰጥ አስታማሚው አብሮ ይቀመጥ። በየቀጠሮው ቀን አሥርና አሥራ አምስት ሰው ከነቤተሰቡ ሰብስቦ ማስተማር ይቻላል። እናቴ ስፌቱ በመነሣት ብቻ እንደማይፈታ አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ነርሷን ከመለመን ይልቅ አባቴን ራሷ በክንዱ ደግፋ ኮሪደሩን ታዞረው ነበር። በዚህ አልጠራጠርም፤ እሷ ሐኪም ያለውን አንዲት ነገር አታጎድልም።

ሐኪሞቹንም የምለምነው ነገር አለ። የሚያመው ሰው ተነሥ ስለተባለ አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ሕሙማንን ቶሎ የማስነሣቱን ሥራ ሲጀምር፣ ሕመም ማስታገሻን በአግባቡ መስጠትና ቶሎ ማብላትን ነጥሎ አላያቸውም። ማስታገሻው ሰዓቱን ጠብቆ ካልተሰጠ የኛ ምክር ሁሉ ጭካኔ ይሆናል።

አሁን ደግሞ አክስቴ ማዮማ (የማኅፀን ዕጢ) ይዟት ለኅዳር ቀጠሮ ይዛለች። ብዙ ደም ስለሚፈሳት ደም ማነስ አለባት፤ የአይረን ኪኒን ታዞላታል። ምሳ እንደበላች ሻይ መጠጣት ልማዷ ነው። ሻይና ቡና ከምግብ ላይ ከተጠጡ አይረኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርጉ ሻዩን ወደ አሥር ሰዓት ገፋነው፤ ቅር ብሏታል፣ ግን ትታዋለች። በጾም ቀን ምስሩና ሽሮው ይበዛላታል። ማታ ማታ ከአባቴ ጋር እስከ አስፋልቱ ደርሰው ይመለሳሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከመድኃኒት ቤቱ አላለፈችም ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤት ስገባ ሁለቱም ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ትራስ ሆዱ ላይ በሁለት እጁ ጫን አድርጎ ይዞ፣ ቁስል ሳይሰማ እንዴት እንደሚሳል እያሳያት ነበር። በሃያ አንዱ ቀን መጨረሻ ያስተማሩትን ነው። “ጫን አድርጊው፣ አትፍሪ” አላትና ትራሱን ሰጣት።