ከ500 በመቶው በፊት የሆነው

የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ (ሪክስባንክ) ገዥ የነበሩት ቤንግት ዴኒስ ሲነሱ አንድ ቁጥር አብሮ ይነሳል። 500። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1992 ባንኮች ከሪክስባንክ ለአንድ ሌሊት የሚበደሩበትን ወለድ ወደ 500 በመቶ ሰቀሉት። ሰውየውን በዚያች ቀን ብቻ መመዘን ግን ልክ አይመስለኝም። ከሰባት ዓመት በፊት የሆነው ይበልጥ ይከብዳል።

ዴኒስ ከጋዜጠኝነት የመጡ ናቸው። በ1982 የባንኩ ገዥ ከመሆናቸው በፊት የታወቀው ዕለታዊ ጋዜጣ የዳገንስ ኒሄተር ዋና አዘጋጅ ነበሩ።

በኖቬምበር 1985 ሪክስባንክ በባንኮች ብድር ላይ የነበረውን ጣሪያ አነሳ። ስዊድናውያን «የኖቬምበር አብዮት» ይሉታል። ጣሪያው መነሳቱ በራሱ ክፉ አልነበረም። ችግሩ የተነሳበት ጊዜ ነው። ያኔ ተበዳሪ የከፈለው ወለድ ከሚታሰብበት ግብር ላይ ይቀነስለት ነበር። ስለዚህ ብድር ርካሽ ነው። የስዊድን ገንዘብ የክሮና ምንዛሪ ደግሞ በቋሚ ተመን ስለታሰረ፣ ባንኩ ገበያው ሲግል ወለድ እንደልቡ ከፍ አድርጎ ማብረድ አይችልም። ሰውም ኩባንያም ተበደረ። የሕንፃ ዋጋ ናረ። በ1990 መውረድ ሲጀምር ባንኮቹ አብረው ተንገዳገዱ፤ መንግሥት ኖርድባንከንንና ጎታ ባንክን እስከመውሰድ ደረሰ። በ1990 ከ2 በመቶ በታች የነበረው ሥራ አጥነት በ1993 ከ8 በመቶ አለፈ። ውሳኔው የዴኒስ ብቻ አይደለም፣ ቦርዱም መንግሥትም አሉበት። ገዥው ግን እሳቸው ነበሩ።

የ1992ቱ ፍልሚያ የመጣው በዚህ በተጎዳ ኢኮኖሚ ላይ ነው። ሴፕቴምበር 8 ፊንላንድ ገንዘቧን ማርካን ለገበያ ለቀቀች፤ ተመኑን ገበያው እንዲወስን ማለት ነው። ሴፕቴምበር 16 ደግሞ እንግሊዝ ከአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ወጣች። ተራው የክሮና ነው ብለው ያሰቡ ሁሉ ክሮና እየተበደሩ በጀርመን ማርክ ይቀይሩ ጀመር። ክሮና ስትረክስ ብድሩን በትንሽ ማርክ መመለስ ነው ሐሳቡ። 500 በመቶው የመጣው ይህን ብድር ለማስወደድ ነው።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን የዓመት ሒሳብ ነው። 1,000 ክሮና ለአንድ ሌሊት ቢበደሩ ወለዱ 14 ክሮና ገደማ ነው። ክሮና በቅርብ ቀን 10 በመቶ ትወርዳለች ብሎ ያመነ ሰው 100 ክሮና ይጠብቃል። ለጥቂት ሌሊት 14 ቢከፍልም ያዋጣዋል። ቀናት ሲረዝሙ ግን የሚጎዳው ራሱ የስዊድን ባንክና ተበዳሪው ነው።

ለጊዜው ሠራ። የካርል ቢልት መንግሥትና የኢንግቫር ካርልሶን ተቃዋሚ ፓርቲ ተስማምተው ወጪ ቀነሱ። በኖቬምበር ግን ገንዘቡ እንደገና መሸሽ ጀመረ። ኖቬምበር 19 ቀን ዴኒስ ክሮናን ለገበያ ለቀቁ።

እኔ የማከብርላቸው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ወዲያው ሌላ ቃል ኪዳን ፈለጉ። በጃንዋሪ 1993 ሪክስባንክ ከ1995 ጀምሮ የዋጋ ንረትን 2 በመቶ አካባቢ እንደሚይዝ አሳወቀ። ስዊድን ዛሬም የምትመራው በዚያው 2 በመቶ ነው።

1985 ላይ ግን ይቅርታ ማድረግ ያዳግተኛል። ሥራቸውን ያጡት ሰዎች የክሮናን ተመን የወሰኑ አልነበሩም።