ማስተካከያ፦ የቲቪ ኮምፒውተርን ከስሊፕ በሪሞት ስለማንቃት

ቀደም ሲል በወጣው መመሪያ፣ የዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዩኤስቢ ኢንፍራሬድ መቀበያውን (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን) መርጦ ኮምፒውተሩን እንዲያነቃ መፍቀድ ብቻ ይበቃል ተብሎ ነበር። አይበቃም።

መቀበያው ማሽኑ ተኝቶም 5 ቮልት ማግኘት አለበት። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ «ኢአርፒ» የሚባለው ምርጫ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ይህንኑ ተጠባባቂ ኤሌክትሪክ ሊቆርጠው ስለሚችል አጥፉት፤ በዩኤስቢ መንቃትን የሚፈቅደውን ደግሞ አብሩ። ስሙና ቦታው እንደየማዘርቦርዱ ይለያያል። አሁንም ካልነቃ፣ ሪሞቱን ከመወንጀል በፊት መቀበያውን ከኋላ በኩል ወዳለ ሌላ ፖርት ቀይሩት፤ ሁሉም ፖርት በስሊፕ ጊዜ ኃይል አያገኝም። የሪሞቱን ባትሪ ለመፈተሽ ቁልፉን ተጭናችሁ ጫፉን በስልክ ካሜራ እዩት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ሲበራ ይታያል።

ጅማ ላይ ደግሞ የመብራት ነገር አለ። በስሊፕ ጊዜ ራም (የተከፈተው ሥራ ያለበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) በኤሌክትሪክ ነው የሚቆየው። መብራት ከሄደ ማሽኑ ተኝቶ ሳይሆን ጠፍቶ ይቀራል፤ ተራ የዩኤስቢ መቀበያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ማሽን አያስነሳም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከሌላችሁ፣ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ባዮሱ ላይ አስተካክሉ። ሃይብሪድ ስሊፕ (ሥራውን ዲስክ ላይም የሚያስቀምጥ ስሊፕ) ካበራችሁ የተከፈተው ሥራም ይተርፋል።