ኮርቲሶል በዝቶ ሰሚ ሲያጣ

ሰሞኑን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል የማይከሰስበት ነገር የለም። ፊት አበጠ? ኮርቲሶል ነው። እንቅልፍ ጠፋ? እሱው ነው። በምርመራ ቁጥሩ ከፍ ካለ በሽታ ነው ብሎ መደምደም ግን ሰው ይጎዳል ባይ ነኝ። ለዚህም አንድ ብርቅ በሽታ ልጥቀስ። ሰውነት ለገዛ የጭንቀት ሆርሞኑ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚልበት ነው። የግሉኮኮርቲኮይድ ሬዚስታንስ ይባላል፤ ሐኪሞች መጀመሪያ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ኮርቲሶል ብቻውን ምንም አያደርግም። ሴል ውስጥ የሚቀበለው ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የዚህ ተቀባይ ጂን ያለው 5ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ጂኑ ሲበላሽ ተቀባዩ ይደክማል። አንጎልም ኮርቲሶል መኖሩን የሚያውቀው በዚሁ ተቀባይ ስለሆነ፣ ሞልቶ ሳለ “ገና ነው፣ ጨምሩ” ይላል። አንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ፣ ኮርቲሶል አምርቱ ብሎ የሚያዘው ሆርሞን ኤሲቲኤች ይጎርፋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ያለ ፋታ ያመርታሉ።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኤሲቲኤች የሚያዘው ኮርቲሶልን ብቻ አይደለም። ሰውነት ውስጥ ጨው የሚያስቀሩ ሆርሞኖችና የወንዴ ሆርሞን የሚባለው አንድሮጂንም አብረው ይበዛሉ። የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሺየም ይወርዳል። ሴት ከሆነች አገጯ ላይ ፀጉር ይወጣል፣ ብጉር አልለቅ ይላታል፣ የወር አበባዋ ይዛባል። ድካሙ ደግሞ አለ። ምንም የማይሰማቸውም አሉ።

እንግዲህ የላብራቶሪ ወረቀቱን አስቡት። የ24 ሰዓት ሽንት ኮርቲሶል፣ ከጎኑ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት። ኮርቲሶል በዝቶ ሰውነትን የሚጎዳበት በሽታ፣ ኩሺንግ ነው ለማለት ያስቸኩላል። ቀና ብሎ ታካሚዋን ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የኩሺንግ ምልክቶቹ የሉም። ፊቷ እንደ ጨረቃ አልከበበም። ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ ሰንበር የለም። ክንዷ አልሰለለም። ይህን ሳያዩ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ ጥፋት የሌለበትን ዕጢ ማውጣት ሊሆን ይችላል። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

መድኃኒቱ ራሱ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ ስቴሮይድ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ዴክሳሜታዞን በደንብ ጎላ ባለ መጠን ይሰጣል። ደካማው ተቀባይ ያኔ ይሰማል፣ ኤሲቲኤች ይረግባል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ዴክሳሜታዞን እንደነዚያ ሆርሞኖች ጨው አያስቀርም። “ኮርቲሶልሽን ቀንሺ” እየተባለች የከረመች ሴት መፍትሔዋ ሌላ ስቴሮይድ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ቁጥሩና ገላው ካልተስማሙ፣ ከቢላዋው በፊት የጂን ምርመራ ይታዘዝ። በሽታው በዘር ስለሚተላለፍም፣ ግፊቱ አልወርድ ያለው ወንድሟ አብሮ ይመርመር።