መስቀል በክሮክ ፓርክ

መስከረም 17 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003። መስቀል እሑድ ዋለ። እኔ ደብሊን ነኝ። ደመራ የለ፣ አደይ አበባ የለ። የሥራ ባልደረባዬ ደወለና «ወንድሜ አሞታል፣ ትኬቱ እንዳይባክን ና» አለኝ። ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ሄድን።

የአይሪሾቹ እግር ኳስ በእጅም በእግርም ነው። ያኔ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ ኳስ 1 ነጥብ፣ መረብ የገባ 3 ነጥብ ነበር። ለመላው አየርላንድ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሱት ታይሮንና አርማ ናቸው። ሁለቱም የሰሜን አየርላንድ አውራጃዎች፣ ድንበርተኞች። አርማ የዓምናው ሻምፒዮን ነው። ታይሮን በነሱ አቆጣጠር በ1986ም በ1995ም ለፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል፤ እስከዚያ ቀን ያንን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም ነበር። ከአንድ ክፍለ ሀገር የወጡ ሁለት ቡድኖች ፍጻሜ ላይ ሲገናኙም ያ የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤት በጎረቤቱ መሸነፍ እንዴት እንደሚያንገበግበው ታውቁታላችሁ።

በር ላይ ስንደርስ ባልደረባዬን «የታይሮን ደጋፊ በየት ነው የሚገባው?» አልኩት። ጥያቄው አልገባውም። «የበሩ ቁጥር ትኬትህ ላይ አለ እኮ» አለኝ።

ገብተን ተቀመጥን። በቀኜ ነጭ ማሊያ የለበሰው የታይሮኑ ባልደረባዬ። በግራዬ ብርቱካንማ ሻርፕ የጠመጠሙ የአርማ እናት። 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንዲህ ተደባልቋል። መሀል ላይ የቆመ ፖሊስ አላየሁም። ልቤ ግን እስከ እረፍት ድረስ አላረፈም።

ጨዋታው ጭንቅ ነበር። የታይሮኑ አምበል ፒተር ካናቫን ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ወጣ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ተመልሶ ገባ። ሊያልቅ ሲል የአርማው ስቲቨን ማክዶኔል ጎል ፊት ብቻውን ሆኖ መታ። ኮኖር ጎርምሊ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ተወርውሮ አገደው። ሴትየዋ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ታይሮን 12 ለ9 አሸነፈ።

ለዚህ ሁሉ ተጫዋቾቹ ደሞዝ አይከፈላቸውም። ካናቫን ራሱ ያኔ መምህር ነበር። አሁንም ይገርመኛል።

ፊሽካው ሲነፋ ሴትየዋ አለቀሱ። ከዚያ በእኔ ላይ ተሻግረው የባልደረባዬን እጅ ያዙና እንኳን ደስ አላችሁ አሉት። እሱም አቀፋቸው። እኔ መሀል ተቀምጬ የታናሽ ወንድሜን ግንባር አሰብኩ።

አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ልጅ ነበር፣ ገና 14 ዓመቱ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። ጨዋታው አልቆ ስንወጣ ሻርፑን አላወለቀም። ድንጋዩን ማን እንደወረወረው አላየንም። ከቅንድቡ በላይ አምስት ቦታ ተሰፋ። እናቴ ደም የነካውን ሸሚዝ ስታጥብ አንድ ቃል አልተናገረችም። ያ ዝምታዋ ዛሬም ያመኛል። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ስታዲየም ረግጦ አያውቅም። ልጁ ኳስ ይወድ ነበር እኮ! የተጫዋቹን ሁሉ ስም ከነቁጥሩ በቃሉ ይዞ፣ ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ ነበር።

ማታ እንኳን አደረሳችሁ ልል ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው እሱ ነው። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ካናቫን፣ ስለዚያች ኳስ፣ ስለ ሴትየዋ። ዝም ብሎ ሰማኝና «ሻርፓቸውን ሳያወልቁ ነው ወደ ቤት የሄዱት?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ሳያወልቁ።