ድራፍት ያለ ጃምቦ

እኔ ባደግሁበት አገር ድራፍት በጃምቦ ይመጣል። አረፋው ከላይ ኩፍ ይላል፣ አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ጠረግ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ክርክር የሚጀመረውም ከሦስተኛው በኋላ ነው። አሜሪካ ድራፍት ሌላ ነው፤ የስፖርት ቡድኖች ተራ በተራ ወጣት ተጫዋች የሚመርጡበት ቀን ነው። ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ስሙ በቴሌቪዥን ይጠራል፣ የቡድኑ ኮፍያ ይደፋበታል፣ ከዚያ አገር ምድሩ ስለ ልጁ ክርን፣ ትከሻና አቋቋም ሲከራከር ያመሻል። ክርክሩ ያው የጃምቦው ክርክር ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች ሳይጠጡ መጀመራቸው ነው።

ሐበሻን ቤዝቦል ውስጥ ምን ዶለው ትሉ ይሆናል። እንጀራ ነዋ! የከተማችን ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ በዓመት 81 ጨዋታ በሜዳው ያደርጋል። ሜዳው ያለው ኔቪ ያርድ ሰፈር ነው፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ዳር። እኔና ወዳጆቼ ደግሞ ሾፌሮች ነን። ቡድኑ እየመራ ከሆነ ሰው እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ እስከ መጨረሻው ዙር፣ ቁጭ ይልና በአንድ ጊዜ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ዋጋው ይሰቀላል፣ ተሳፋሪው እየዘፈነ ይገባል፣ ጉርሻም ይጥላል። እየተሸነፈ ከሆነ ከስድስተኛው ጀምሮ አንድ አንድ እያለ ይንጠባጠባል። መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ድርግም ያደርገዋል፤ ጉርሻ የለም። ስለዚህ የናሽናልስ ኳስ ወርዋሪ ክርኑን ሲያመው እኛንም ያመናል።

ዕለቱ እሑድ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ነበር፤ በፈረንጁ ጁላይ 13 ቀን 2025። የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግስት ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የለመድናት ምግብ ቤት በቂቤና በኮረሪማ ሽታ ታውዳለች። ጠረጴዛችን ላይ አራት ነን። ጋሼ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ፣ የሁላችን ታላቅ ናቸው። አካውንታንቱ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪውን ይዞ ሲዳን ይነዳል። አርሰናሉ ስሙ እንደሚናገረው ነው፤ «በሚቀጥለው ዓመት» የሚለውን ቃል ከማንም በላይ አምርሮ የሚያምን ሰው ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። የባለቤቲቱ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ጎረምሳ፣ ሳህን እያነሳ ይመላለሳል።

ያን ማታ ናሽናልስ ከሁሉም ቀድሞ ይመርጣል። ይህን ዕድል ያገኘው በዕጣ ነው፤ ዕጣ ሲባል ደግሞ ከአራታችን ሦስታችን በዲቪ የመጣን ስለሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ድሮ በብዛት የተሸነፈ ቡድን አንደኛ ይመርጥ ነበር። አንዳንዱ ሽንፈትን እንደ ሥራ ይዞት ስላስቸገረ፣ በፈረንጁ ከ2023ቱ ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች በዕጣ ሆኑ። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 ዓመት 121 ጨዋታ ተሸንፎ፣ ያን ሁሉ ውርደት ጠጥቶ፣ ደንቡ በተከታታይ ዕጣ ውስጥ አትገባም ብሎት አሥረኛ ተሰለፈ።

«ይሄ እንግዲህ ዲቪ ደርሶት ኢንተርቪው ላይ የወደቀ ሰው ነው» አሉ ጋሼ፣ ከልባቸው አዝነው።

ናሽናልስም ቢሆን የራሱ ጉድ አለበት። ከድራፍቱ አንድ ሳምንት በፊት ተጫዋች ሲመርጥ የኖረውን ኃላፊውን ማይክ ሪዞን ከነአሠልጣኙ አሰናብቷል። ባለቤቲቱ ይህን ስትሰማ ማንካዋን እንደያዘች ቆመች። «ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ወጥ ሠሪዋን ማባረር? ማን ሊቀምም ነው?» አለች። በማግስቱ በሬድዮ የሰማኋቸው የስፖርት ተንታኞች በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተናገሩም።

እንግዲህ ምርጫው። ጋሼ ኢታን ሆሊደይ ካልተወሰደ ብለው ምለዋል። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ የድሮው ተጫዋች የማት ሆሊደይ ልጅ ነው፣ ወንድሙ ጃክሰን በ2022 አንደኛ ተመርጧል። «ዘር ከልጓም ይስባል። አባቱን አውቀዋለሁ» ይላሉ፣ አብሮ አደጋቸው ይመስል። አካውንታንቱ የሉዊዚያናውን የዩኒቨርሲቲ ወርዋሪ ኬድ አንደርሰንን ያዘ። «የተማረ ይሻላል፤ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ከሃይስኩል ልጅ መውሰድ ቁማር ነው» አለ። የዲግሪን ጥቅም እንዲህ አድርጎ የተከራከረው ሰው ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ የከረመው እሱ መሆኑን ለማስታወስ የደፈረ የለም።

ሳህን የሚያነሳው ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ «ዊሊትስን ይወስዳሉ» አለ።

«ማንን?»

«ኢላይ ዊሊትስን። ሾርትስቶፕ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚከላከል።»

«አንተ ልጅ፣ አዋቂ ሲነጋገር...» አሉት ጋሼ፤ እሱም ሳህኑን ይዞ ሄደ።

ከዚያ የናሽናልሱ ወርዋሪ ስትራስበርግ ተነሳ። ስትራስበርግ ከተነሳ ጋሼ አይመለሱም። በ2009 አንደኛ ተመርጦ 15.1 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በ2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 የፒትስበርግ መቺዎችን አንድ በአንድ ወደ ወንበራቸው መለሰ። ያን ማታ ጋሼ የጫኑት ሰውዬ የ12 ዶላር መንገድ ሄዶ 50 ሰጥቷቸው መልሱን ሳይጠይቅ ወርዷል። በዚያው ክረምት ክርኑ ተበጠሰ፣ ተቀደደ፣ ተሰፋ። በ2012 ቡድኑ አገሩን ሁሉ እየመራ ሳለ አለቆቹ «ክርኑን እንቆጥብ» ብለው መስከረም ላይ አስቀመጡት። ለክፉ ቀን ያሉት ክፉው ቀን ሲመጣ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ቀረ፤ ከሴንት ሉዊስ ጋር በወሳኙ ጨዋታ 6 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው ተሸነፉ።

«ጋሼ፣ በ2019 ግን ዋንጫ አመጣ» አለ አርሰናሉ። ዋንጫ የሚለውን ቃል ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል።

«አመጣ! የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነው። ከዚያስ?»

ከዚያማ ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፤ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ነው። አካውንታንቱ እስክሪብቶ አውጥቶ ናፕኪን ላይ አካፈለ። ዲግሪው ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ለአንድ ጨዋታ ከ30 ሚሊዮን በላይ» ብሎ ናፕኪኑን አዞረልን። ናፕኪኑ እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

በ2010 አንደኛ የመረጡትን ብራይስ ሃርፐርንም ፊላደልፊያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ወስዶታል። ቡድኑ ዋንጫውን የበላው እሱ በሄደበት ዓመት መሆኑን ስናስብ ሁላችንም ትንሽ ደስ ይለናል፤ ይህን ክፋት አልክድም።

የድራፍት ክርክር ጣጣው ማንም ቢሆን ትክክል የሚሆንበት ምሳሌ አለማጣቱ ነው። አንደኛ መመረጥ ዋስትና ነው ትላለህ? የኒው ዮርኩ ሜትስ በ1966 በኋላ ዝነኛ የሆነውን ሬጂ ጃክሰንን አልፎ አንደኛ የወሰደው ስቲቭ ቺልኮት ትልቁን ሊግ ሳያይ ቀርቷል። አንደኛ መመረጥ ከንቱ ነው ትላለህ? ስትራስበርግን ይቆጥሩብሃል። ያ ስትራስበርግ የተመረጠበት የ2009 ድራፍት ላይ ደግሞ የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ማይክ ትራውት 25ኛ ሆኖ ነው የወጣው፤ ናሽናልስ ሁለት ጊዜ አልፎታል። ማይክ ፒያሳ በ1988 የተመረጠው በ62ኛው ዙር ነው፣ 1,390ኛ ሆኖ። ያም የሆነው የዶጀርሱ አሠልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ የአባቱ ወዳጅ ስለነበረ ነው።

«በዘመድ ነዋ!» አለ አርሰናሉ፣ አሜሪካ ድንገት የተገለጠችለት ይመስል።

«በዘመድ ገብቶ የዝና አዳራሽ ውስጥ የተሰየመ» አሉ ጋሼ። «እኛ አገር በዘመድ የገባው መዝገብ ቤት ነው የሚቀመጠው።»

ስሙ ሲጠራ ክትፎው ገና አላለቀም ነበር። ኢላይ ዊሊትስ፣ ሾርትስቶፕ፣ ከኦክላሆማ፣ ፎርት ኮብ ብሮክስተን ሃይስኩል። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። የለቅሶ ቤት ጸጥታ ሳይሆን ማንም ያላጠናው ጥያቄ የመጣበት የፈተና ክፍል ጸጥታ። አራታችንም ስልክ አወጣን።

«አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው» አለ አርሰናሉ። «አንድ ክፍል ዘሎ ቀድሞ ጨርሷል።»

«የማን ልጅ ነው?» አሉ ጋሼ። ሽማግሌ ልከን የምናጠና ይመስል ሁላችንም ይህንኑ ነበር የምንፈልገው። አባቱ ሬጂ ዊሊትስ ለኤንጀልስ ተጫውቷል። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። «እኔ ምን አልኩ? ዘር!» ሆሊደይ አራተኛ ሆኖ ኮሎራዶ ሲወስደው ቀና ብለው እንኳ አላዩም። አንደርሰንን ሦስተኛ ላይ ሲያትል ወሰደው፤ አካውንታንቱ ግን ሐዘን አልተቀመጠም። ወዲያው ሌላ ናፕኪን ጎተተ።

«ገብቶኛል። የመጀመሪያው ቦታ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተተምኖለታል። ይሄ ልጅ ባነሰ ይፈርማል። ቡድኑ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች የሚያወጣው ጠቅላላ ብር ተቆርጦ የተሰጠ ስለሆነ፣ እዚህ የተረፈው በኋላ ለሚመጡት ይሆናል።»

«የፋሲካ ገበያ በለው» አሉ ጋሼ። «በጉን መካከለኛ ትገዛና በተረፈው ሁለት ዶሮ ትጨምራለህ።»

ቆይቶ እንደታወቀው ልጁ የፈረመው በ8.2 ሚሊዮን ነው። አካውንታንቱ ይህን ነገር እስካሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ያነሳዋል። በጉ ይስባ፣ ዶሮዎቹ ይጣሉ፣ ለማወቅ ግን ዓመታት ይቀራሉ፤ ከእኛ መሃል ይህ የከበደው አልነበረም።

ባለቤቲቱ ቡናውን ይዛ መጣች። «በግራም በቀኝም ይመታል» ብለን ነገርናት። እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው፦ «አሥራ ሰባት ዓመት? እናቱ ምን አለች? የት ሊያድር ነው?» ቀጥታ ትልቁ ሜዳ እንደማይገባ አስረዳኋት። ፍሬደሪክስበርግ ይጀምራል፣ ከዚያ ዊልሚንግተን፣ ከዚያ ሃሪስበርግ፣ ከዚያ ሮቸስተር፤ በአውቶቡስ እየተጓዘ፣ በየከተማው እየከረመ። «አሃ፣ ክፍለ ሀገር ይመድቡታል» አለች፤ እንደዚያ ስትል እኔም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የአዲስ መምህር ዕጣ ነው። ጎሬ ወይም ነጌሌ ቦረና ትመደባለህ፣ አዲስ አበባ የምትገባበትን ደብዳቤ ስትጠብቅ ትኖራለህ፣ ገሚሱ እዚያው አግብቶ ይቀራል።

«ማዘር፣ ልምምድ አለብኝ። ማን ያደርሰኛል?» አለ ልጇ ከኋላዋ፣ ሽርጡን እየፈታ።

«የመዝሙር ነው?» አሉት ጋሼ። «ጎሽ!»

አራት ሾፌር ተቀምጧል። ጋሼ ጉልበታቸውን ያዙ። አካውንታንቱ ቀጣዩን ምርጫ ማየት ነበረበት። አርሰናሉ ክትፎ በልቶ ወዲያው መንዳት ለጨጓራ እንደማይስማማ ተናገረ። እኔም መኪናዬን ሩቅ ነው ያቆምኩት አልኩ። ልጁ እሺ ብሎ፣ በአንደኛው እጁ ስልኩን እየነካካ ወጣ።

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ ጮኸ። የእኔ ነው። ሦስት ማይል፣ ጥሩ ዋጋ፣ ተሳፋሪው ያለውም እዚሁ በራፍ ላይ። ሳላስብ ተቀበልኩት፤ መኪናዬም በሁለት ደቂቃ ደረሰች።

ልጁ ከኋላ ገብቶ ረጅም ቦርሳ ጭኑ ላይ አጋደመ። ከመብራት እስከ መብራት ዝም ተባባልን። ዝምታው ሲከብደኝ በመስታወት አየሁትና፣ «ቦርሳዋ ረዘመችሳ፣ ጎልፍ ጀመርክ እንዴ?» አልኩት።

«ባት ነው ጋሼ። ሾርትስቶፕ ነኝ፤ ሦስት ዓመቴ።»

እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።

«በሁለቱም እጅ ትመታለህ?»