ዊልቸሩ ሙዚየም ከመግባቱ በፊት ባንክ ይግባ

ሰሞኑን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ውይይት አዘጋጅቶ ነበር። ከተጋባዦቹ አንዱ ስለ አካል ጉዳተኞች ሲጠየቁ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ዊልቸር በአሥር ዓመት ውስጥ ሙዚየም ይገባል። በሐሳብ የሚታዘዝ፣ ሰው ለብሶት የሚራመድ ሮቦት ተሠርቷል። ስለ ራምፕ፣ በደረጃ ፈንታ ስለሚሠራው የዊልቸር መውጫ ተዳፋት፣ ከመጨቃጨቅ ለዚያ ብንዘጋጅ ይሻላል።» ተጨበጨበላቸው። አወያዩም «ግሩም ሐሳብ ነው» ብሎ ወደ ድሮን አለፈ።

ሰውየው ክፉ አይመስሉኝም። የሰሙትን ነው የተናገሩት። ግን የሰሙት ግማሹን ብቻ ነው፤ በዚያ ግማሽ ላይ ተመሥርተው ደግሞ የሰው መግቢያ በር ዝጉ እያሉን ነው።

ከአሥር ዓመቷ ተስፋ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2014 የብራዚል የዓለም ዋንጫ ሲከፈት፣ ሳኦ ፓውሎ ስታዲየም ውስጥ ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ሰው የአንጎል ሞገድ የሚያነብ ቆብ ደፍቶ፣ ሮቦት ለብሶ ኳስ መታ። የሥራው መሪ ብራዚላዊው የነርቭ ሳይንቲስት ሚጌል ኒኮሌሊስ ነበር። ዓለም ያየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ያኔም ስለ ዊልቸር መጨረሻ ብዙ ተወርቷል። አሥሩ ዓመት መጣ፣ ሄደም። ዊልቸሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

የፈረንሳዩም ሙከራ አለ። በግሬኖብል የአሊም ሉዊ ቤናቢድ ቡድን ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አደረገ። እጅና እግሩ የማይታዘዝለት የ28 ዓመት ወጣት ራስ ላይ፣ በቀኝና በግራ፣ እያንዳንዳቸው የአንጎል ሞገድ የሚያነብ 64 ኤሌክትሮድ ያላቸው ሁለት መሣሪያዎች ተተከሉ። ወጣቱ ረጅም ጊዜ የኮምፒውተር ምስል በሐሳቡ እያንቀሳቀሰ ተለማመደ፤ ከዚያ 65 ኪሎ የሚመዝን ሮቦት ለብሶ ተራመደ። እሰየው፣ ትልቅ ሥራ ነው! ተጋባዣችን ያልነገሩን ግን ሮቦቱ ከላቦራቶሪው ጣሪያ ላይ በማሰሪያ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው። ሚዛኑን ራሱ አይጠብቅም፤ ማሰሪያው ቢፈታ ሰውየውን ይዞ ይወድቃል። ጣሪያውን ይዞ መርካቶ የሚወርድ ሰው ካለ ይንገሩኝ።

ይህን ሁሉ ግን ልተወው፤ ቴክኖሎጂ ይሻሻላል፣ ማሰሪያውም አንድ ቀን ይወልቃል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መራመድን ከሁሉ ያስቀደመው ማነው? የተቀመጠው ሰው ነው ወይስ ቆሞ የሚያየው?

መልሱ በግምት አይደለም ያለው። ኪም አንደርሰን የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ራሷም የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባት፣ እንደ እሷው የተጎዱ 681 ሰዎችን «ከሁሉ በፊት ምን ቢመለስላችሁ ሕይወታችሁ ይሻሻላል?» ብላ ጠየቀች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። እጅና እግራቸው አንድ ላይ ከተጎዳባቸው ግማሽ ያህሉ አንደኛ ያሉት እጅና ክንዳቸውን ነው። ከወገብ በታች የተጎዱት ደግሞ የወሲብ ሕይወታቸውን አስቀደሙ። ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ለሁለቱም ወገን ከዋናዎቹ ተርታ ነው። መራመድ በየትኛውም ወገን አንደኛ አልወጣም።

ለምን ይሆን? እጅ ያለው ሰው ይጎርሳል፣ ፊቱን ያካል፣ ስልኩን ያነሣል፣ ዊልቸሩን ራሱ ይገፋል። እግር ተሰጥቶት እጅ የሌለው ሰው ተራምዶ ማዕድ ዘንድ ይደርስና አጉርሱኝ ይላል። የሽንቱንም ነገር ቴሌቪዥን ላይ ማንም አያነሣውም፤ ያሳፍራላ! ዊልቸር የሚጠቀም ጓደኛዬ ሰርግ የተጠራ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይቀምስም። የአዳራሹ መጸዳጃ በር ዊልቸሩን እንደማያስገባ፣ ቢያስገባም ውስጡ መዞሪያ እንደሌለ ያውቃል። ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል ይላል፣ ጠጁ ሲመጣ እጁን ብርጭቆው ላይ ይከድናል። የዚህን ሰው ጉዳይ «አይዞህ፣ ትራመዳለህ» ብሎ መዝጋት አለመስማት ነው።

እንዲያውም የኒኮሌሊስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ስምንት ታካሚዎች ባወጣው ጽሑፍ፣ ከአንድ ዓመት ልምምድ በኋላ ከጉዳታቸው በታች የተወሰነ ስሜትና የጡንቻ መታዘዝ እንደተመለሰላቸው ገልጿል፤ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሻላቸውም ነበሩ። ለእኔ የፕሮጀክቱ ትልቁ ወሬ ይህ ነው። ግን ይህን በስታዲየም ማን ያሳያል? ኳስ መምታት ነው የሚያስጨበጭበው። ያ ትርዒት የተዘጋጀው ለተቀመጠው ሰው አልነበረም፤ እሱን ተቀምጦ ሲያየው ለሚጨንቀው፣ ለቆመው ሰው ነበር። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ብሬይንጌት በተባለው ሙከራ፣ ለ15 ዓመት ያህል እጅና እግሯን ማዘዝ ያልቻለች ሴት በሐሳቧ የሮቦት ክንድ አዝዛ ቡናዋን ወደ አፏ አቀረበች። ቡና! በሰው እጅ ሳይሆን በራሷ ፈቃድ። የእኛ አገር ተመልካች ይህን ቢያይ ከኳሱ በላይ የሚገባው ይመስለኛል።

አንድ ምስክር ልጨምር። ሪዎክ የተባለውን፣ በሐሳብ ሳይሆን በሰውነት ዝንባሌ የሚታዘዝ የመራመጃ ሮቦት የፈለሰፈው እስራኤላዊው አሚት ጎፈር ነው። ጎፈር ራሱ በአደጋ እጅና እግሩ የተጎዳ ሰው ነው። ሪዎክ ክራንች የሚይዝ ጠንካራ እጅ ስለሚፈልግ ፈልሳፊው በራሱ ሮቦት መራመድ አልቻለም። ቀጥሎ ምን ሠራ? ሰውን ቀና አድርጎ የሚያቆም ዊልቸር! እኝህ ተጋባዥ ሙዚየም የሚያስገቡትን ዕቃ፣ የሮቦቱ አባት ወርክሾፕ አስገብቶ አሻሻለው።

አንድ ነገር አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2023 በስዊዘርላንድ ሎዛን የግሬጎዋር ኩርቲንና የጆስሊን ብሎክ ቡድን የአንድን ሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰር በመሣሪያ አገናኝቶ በገዛ እግሩ አስኪዶታል፤ ደረጃም ወጥቷል። ግሩም ነው። ግን አንድ ሰው ነው፤ ለዓመታት በሌላ ሙከራ ሲለማመድ የቆየ፣ ጉዳቱም ህብለ ሰረሰሩን ሙሉ በሙሉ ያልቆረጠበት ሰው። ከአንድ ሰው ተነሥቶ የአገር ፖሊሲ አይወጣም።

ደግሞስ ሮቦቱ ሲበላሽ? የአሜሪካው የጤና መድን ሜዲኬር እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድ የመራመጃ ሮቦት የሚከፍለውን 91,032 ዶላር ብሎ ቆርጧል። በዚያው ዓመት፣ እዚያው አሜሪካ፣ አንድ ተጠቃሚ ሮቦቱን የሚቆጣጠርበት የእጅ ሰዓት የባትሪ ሽቦ ተበጥሶበት አምራቹን ቢጠይቅ፣ መሣሪያው ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖታልና አንጠግንም ተባለ። ሃያ ዶላር የማይሞላ ሥራ ነበር። ጋዜጠኞች ሲጮኹ ነው የተሠራለት። ይህ የሆነው ጠበቃና ጋዜጠኛ ባለበት አገር ነው። የእኛ ሰው ዊልቸር የፊት ጎማ ኩሽኔታው በኮብልስቶን ሲበላ ሰፈር ውስጥ ያለ ጎሚስታ ይቀይርለታል፣ እግር መርገጫው ሲሰበር በያጅ ይበይድለታል፤ ማታ ቤቱ ይገባል። ራስ ቅል ውስጥ የተቀበረ ኤሌክትሮድ የቱ በያጅ ዘንድ ይወሰዳል?

«ለዚያ እንዘጋጅ» የሚሉት ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው። ዝግጅት ማለት ምን እንደሆነ በ2001 ዓ.ም. በሕግ ተጽፏል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ ዊልቸር ተጠቃሚንና ደረጃ መውጣት የማይችልን ሰው የሚያስገባ መግቢያ፣ የሚገለገሉበትም መጸዳጃ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። ምኞት ወይም ልመና አይደለም፤ አዋጅ ነው። ይህን ያልፈጸመ ሁሉ ሮቦት ይመጣል የሚል ሰው ሲያገኝ ደስታው ወደር የለውም። ሲሚንቶና አሸዋ ከማውጣት መጠበቅ ይረክሳላ!

ጓደኛዬ የሚጠቀምበት ባንክ ቅርንጫፍ ራምፕ አለው፤ በደንብ አለው። ግን አናቱ ላይ ሁለት ትልልቅ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል፣ አቀበቱም ዊልቸሩን ወደ ኋላ የሚገለብጥ ነው። ጥበቃው ደግ ሰው ነው። «ና ወንድሜ፣ እናውጣህ» ብሎ ሌላ ሰው ይጠራና ከነዊልቸሩ ያነሡታል። ገንዘቡን ለማውጣት ሰው ትከሻ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ማሰሮውን ለማንሣት የሚያስፈልገው ሁለት ሰው ነው፤ ጥበቃውና የጠራው ሰው በቂ ናቸው።

ስለዚህ ለተጋባዡም፣ ላጨበጨቡላቸውም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሕንፃ መጠቀሚያ ፈቃድ ለሚሰጡት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ አንቀጽ 36ን ባለማክበሩ ብቻ ፈቃድ የተከለከለ ሕንፃ አለ? ካለ አድራሻው ይነገረንና ሄደን እንየው።